ጥንዚዛ በዙርባ

በ2016 ዓ.ም. የበልግ ወራት፣ ዓቢይ ጾም አጋማሹን ካለፈ በኋላ፣ ኢድ በወጣ ሳምንት ነው ነገሩ የሆነው። ያን ሰሞን ድሬዳዋ ግማሹ ይጾማል፣ ግማሹ ጾሙን ፈትቶ ይበላል። እኔ ከሚጾሙት ነበርኩ። የሚጾም ሰው ዝም ቢል ይሻላል። ዝም ብዬም ነበር፤ ብርቱካኑ ነው ዝም ያላለው።

ብርቱካን ስል ዛፉን ነው። ከዚራ ሰፈር ውስጥ ከጎረቤቴ ከፈትያ ቤተሰብ ጋር አንድ ግቢ እንጋራለን። ቤቶቻችን ፊት ለፊት ናቸው፣ ዛፉ መሀል ላይ ነው። ማን እንደ ተከለው የሚያውቅ የለም። ሲያፈራ የሁላችንም ነው፤ ቅጠል ሲያራግፍ ግን ሁልጊዜ የእኔ ነው፣ መጥረጊያው እኔ ዘንድ ስለሚቀመጥ።

የእኔ ጉዳይ ከፍሬው አይደለም፣ ከጥላው ነው። የልጄ የሰላም አባት፣ ባለቤቴ ማለቴ ነው፣ የባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ነው። ካቻምና ደም ግፊት ጣለውና ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። አንደበቱም ተያዘ። «እ» ይላል፤ ሲጠማው «ውሃ» ይላል። የቀረውን ከዓይኑ ማንበብ ነው። ቤታችን ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ሰው ቀትር ላይ ከቆርቆሮ ሥር ጤነኛ እንኳ እንደማይቀመጥ ያውቃል። ስለዚህ ጠዋት ወንበሩን ብርቱካኑ ሥር አወጣለታለሁ፣ ፀሐይ እስክትገባ እዚያ ይውላል። የሚገባው የሚወጣው «ጋሼ፣ እንዴት አረፈዱ?» ይለዋል። እሱም «እ» ይላል። ሐኪሙ ያዘዘለትን ኪኒን ሁሉ ይውጣል፤ የሚያድነው ግን ይህ ሰላምታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዛፉን ክሽክሽ የሚባል ተባይ ያዘው። ስሙን የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው ለጋው ቅጠል ሁሉ መጨማደዱን፣ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ሰሊጥ የሚያህሉ ነፍሳት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው መዋላቸውን ነው። ሥራቸው መጥባትና ማንጠባጠብ ነው። የሚያንጠባጥቡት ነገር እንደ ማር ያጣብቃል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ ሲከርም ይጠቁራል።

በኢድ ዋዜማ ፈትያ የባሏን ነጭ ጀለቢያ አጥባ ዛፉ ሥር አሰጣችው። በኢድ ማግስት ደጄ ላይ ቆመች። ጋሽ ዩሱፍ፣ ባሏ፣ ከኋላዋ ነበር።

«የሰላም እናት፣ እኔ ዛፍ አልጠላም። ወላሂ አልጠላም። ግን ሰውዬው በኢድ ሶላት ላይ ከጎኑ ካለው ሰው ጋር ተጣብቆ ቀረ!»

«ተላቀናል» አለ ጋሽ ዩሱፍ።

«አንተ ዝም በል። ጉንዳኑም ቤት ገብቷል። ሕፃኑን የልጅ ልጄን ነክሶታል። መቆረጥ አለበት።»

እውነቷን ነው። ዞሬ የሰላም አባትን አየሁት። እሱ ወደ ላይ፣ ወደ ቅርንጫፎቹ ያያል። ሰምቷል።

ፈትያም አየችው። ድምጿ ዝቅ አለ።

«ፋሲካችሁ ይለፍ» አለች። «እስከዚያ መላ ካገኘሽለት እሰየው። ካላገኘሽ መጋዝ የያዘ ሰው ይመጣል። አትቀየሚኝ።»

አልተቀየምኳትም። ደግ ጎረቤት ስለሰጠኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩና መላ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ጸበል ረጨሁት። ከዚያ በሳሙና ውሃ አጠብኩት። ክሽክሾቹ ታጥበው አማረባቸው እንጂ ምንም አልሆኑም። በሦስተኛው ለልጄ ደወልኩ። ሰላም ዩኒቨርሲቲ ስለ ተክል ነው የምትማረው። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ተክል አጠጪ ብዬ አዝዣት አጠጥታ አታውቅም፤ ቢሆንም ትምህርት ትምህርት ነው።

«እማ፣ መርዝ እንዳትረጪ!» አለችኝ ገና ሳልጨርስ። «አባዬ ሥሩ ነው የሚውለው። ጥንዚዛ ፈልጊ።»

«ተባይ አስቸገረኝ ስልሽ ሌላ ተባይ ትጨምሪልኛለሽ?»

«ተባይ አይደለችም። ቀይ ናት፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት፣ የአተር ክክ የምታህል። ክሽክሽ ነው ምግቧ። ጠዋትም ማታም እሱን ነው የምትበላው። ዛፍሽ ላይ ከለመደች ትራባለች።»

«ከየት ነው የምትገዛው?»

«አትገዛም እማ። መርዝ ያልተረጨበት ማሳ ሄደሽ ትለቅሚያለሽ። ስትመለሺ ግን ቀን እንዳትለቂያት፣ በርራ ትሄዳለች። አመሻሽ ላይ ዛፉን ውሃ አርከፍክፈሽ ልቀቂያት።»

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የልጅ ልጅ ቢኖረኝ የማያሳፍር ዕድሜ ላይ ያለሁ ሴት ነኝ። በማግስቱ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ባዶ የጸበል ፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ፣ ጥንዚዛ ልለቅም ከከተማው ውጭ ወዳለችው ሐርላ ወጣሁ።

እዚያ አዴ ሃሊማ የምትባል ጎመን የምታመጣልኝ ደንበኛ አለችኝ። ማሳዋ ዳር ስታገኘኝ ጎመን የፈለግኩ መስሏት ማጭድ አነሳች። ጉዳዬን ስነግራት ማጭዱን አስቀምጣ ተቀመጠች።

«ያ ረቢ! ከድሬ ድረስ ጥንዚዛ ፍለጋ? እኛ ዘንድ እኮ በነፃ ነው፣ በስልክ ብትነግሪኝ እነሱን ራሳቸውን እልክልሽ ነበር!»

ስቃ ሲበቃት ግን አብራኝ ለቀመች። ያውም ከእኔ ይልቅ ፈጣን ናት። እኔ አንዷን ሳባብል እሷ መዳፏን ትሞላለች። ጥንዚዛዋ ስትነካ እግሮቿን ሰብስባ የሞተች ትመስላለች፤ ከጉልበቷም ቢጫ ውሃ ታወጣለች። ጣቴን አሸተትኩት። ባላሸትተው ይሻል ነበር።

ጠርሙሴን ስታይ አዴ ሃሊማ ራሷን ነቀነቀች። «በዚህ ሙቀት በላስቲክ? ሳትደርሺ ይቀቀላሉ።» ጥንዚዛዎቹን ከጎመን ቅጠል ጋር በሻሽ ቁራጭ ቋጠረች። ቋጠሮውን በለጋ ቅርንጫፍ ከበበችው። በላዩ ላይ እርጥብ የሙዝ ቅጠል ጠቀለለች፣ በልጥ አሰረች፣ ውሃ እፍ አለችበት። አሠራሯ ግሩም ነበር። እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ የለመደው አስተሳሰር ነው። ለምን እንደ ለመደው ያኔ አላሰብኩም።

ያሰብኩት ባጃጅ ውስጥ ስገባ ነው። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። እንደገና አየኝ። ሰዓቱ የጫት መኪና ከተማ የሚገባበት ሰዓት ነው፤ እኔ ደግሞ ነጭ ነጠላ ለብሼ፣ በጾም፣ አንድ ሙሉ ዙርባ ጫት የመሰለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፌ ተቀምጫለሁ።

«እማማ፣ ዛሬ ጥሩ ደርሶዎታል ማለት ነው!»

«ጥንዚዛ ነው» አልኩት።

«አቦ፣ እኔ ደግሞ ሁሉንም ዓይነት የማውቅ ይመስለኝ ነበር» አለ።

ከጎኔ የተሳፈረችው ሴት የማኅበራችን ሰው ነበረች። ሰላምታ ሰጠችኝ፣ ጥቅሉን አየች፣ ከዚያ እስክትወርድ ድረስ መንገዱን ብቻ አየች። ጥቅሉን ከነጠላዬ ሥር ደበቅኩት።

ቤት ስደርስ ጥቅሉን በጋራ በረንዳችን ላይ፣ ቀዝቃዛው ጥግ፣ ከውሃ በርሜሉ አጠገብ አስቀመጥኩት። አመሻሹን ልጠብቅ ነው። ለሰላም አባት ምግብ ላሰናዳ ቤት ገባሁ። ያቺ አንዲት ቅጽበት ናት ያጠፋችኝ። ለካ ያ ጥግ የጋሽ ዩሱፍ ጫት ሲመጣለት የሚቀመጥበት ጥግ ነው። ለካ በዚያን ቀን ከረመዳን በኋላ የመጀመሪያውን በርጫ ቤቱ ጠርቷል። እንግዶቹ ምንጣፉ ላይ ክንዳቸውን ትራስ ላይ ጥለው ይጠብቃሉ። አንድ ወር ሙሉ ቀን ሳይቅሙ የከረሙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ጥቅል አይመረምርም፤ ይፈታል።

ከእነሱ ቤት አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ወላሂ፣ ጫቱ በረረ!»

እጄ እህል እንደያዘ ሮጥኩ። በሩ ላይ ስደርስ ክፍሉ ቀይ ነጠብጣብ ሆኗል። ግድግዳው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ የሻይ ፔርሙሱ ላይ ጥንዚዛ። ሽርጥ የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ትራስ ላይ ቆመዋል። ፈትያ መጥረጊያ አንስታለች። አንድ ሽማግሌ ሃጂ ብቻ ከቦታቸው አልተነሱም። ቀንበጥ በጉንጫቸው ይዘዋል፤ ፊታቸው ቀስ በቀስ ይጨማደዳል።

«ዩሱፍ» አሉ። «ከተወለድኩ እንዲህ ያለ መራራ ቅሜ አላውቅም።»

«ሃጂ፣ ይትፉት! ነፍስ አለበት!» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«የሰላም እናት» አለ ጋሽ ዩሱፍ፣ ሲቆጣ እንደሚያደርገው ድምፁን አለስልሶ፣ «ይህ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው። ጥንዚዛ ነው። ከሐርላ ነው ያመጣሁት።»

«ጥንዚዛ በዙርባ?»

«ለዛፉ ነው» አልኩ። «እባካችሁ አትርገጧቸው። ለዛፉ ነው።»

ጋሽ ዩሱፍ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። የሰላም አባት ወንበሩ ላይ ሆኖ ወደ ጩኸቱ አንገቱን አስግጓል። ጋሽ ዩሱፍ ሽርጡን ወደ ላይ ሰበሰበና ተንበረከከ።

«በሩን ዝጉ» አለ። «ልቀሙ።»

ያንን እስክሞት አልረሳውም። የተከበሩ ሰዎች በአራት እግራቸው ሆነው በሻይ ብርጭቆ ጥንዚዛ ያሳድዳሉ። «ወሪያ፣ እግርህን አንሳ!» «አንተ ራስህ አንሳ፣ ከጉልበትህ ሥር ናት!» ሃጂ ከጢማቸው ላይ አንዷን ራሳቸው አውርደው «እቺ ሶላት ስትሰግድ የከረመች ናት፣ ረጋ ያለች» ብለው ሰጡኝ። የፈትያ ነጭ ትራስ በቢጫ ውሃ ተዥጎረጎረ። እኔን ሳይሆን ትራሱን እያየች ራሷን ያዘች። እውነተኛው ጫት ሲደርስ ሁሉም ደክሞት ነበር።

አብዛኞቹ በመስኮት ሄደዋል። የቀሩትን፣ ብርጭቆ ሥር የሚንከላወሱ ጥቂቶችን፣ አመሻሽ ላይ ዛፉን ውሃ አርከፍክፌ ለቀቅኳቸው። ሰላም በስልክ ጉንዳን ክሽክሹን ስለሚጠብቅ ጥንዚዛዎቹን ያባርራል አለችኝ። ጋሽ ዩሱፍ ይህን ሲሰማ ከጋራዥ ግሪስ አመጣና ግንዱን ዙሪያውን ቀባው። «ለእነዚህ ነገሮች በርጫዬን አበላሽቼ ጉንዳን አይብላቸው» አለ።

በሳምንቱ መጨረሻ የንስሐ አባታችን መጡ። ተቀመጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ሰው ያወራል። ዙርባ ይዘሽ ታየሽ ይላል።»

«ጥንዚዛ ነው፣ አባ።»

«እሱንም ሰምቻለሁ። የአዲስ ዓይነት ስም ነው ይላሉ።»

ከዚህ በኋላ ማሳየት ነው የሚሻለው ብዬ ወደ ዛፉ ወሰድኳቸው። ዝቅ ያለውን ቅርንጫፍ ገለበጥኩላቸው። አንዷ ጥንዚዛ በሌላዋ ጀርባ ላይ ታዝላ ነበር። ጠዋትም እንዲሁ አይቻቸዋለሁ፤ ያኔ አንዷ ታማ ሌላዋ ያዘለቻት መስሎኝ አዝኜላት ነበር። አባ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ግን የታመመ እንደሌለ ድንገት ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ቅርንጫፉን ልለቀው ብል ዓይናቸውን ሊመታ ነው፤ ይዤው ቆምኩ። ጎረቤት ያለችው ቅጠል ላይም ሌላ ጥንድ። ከዚያ በላይም።

አባ ቀና አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጾሙ ለእነሱ አልታወጀም፣ ልጄ» አሉ።

የሰላም አባት ሳቀ። ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ሳቅ ነው። አባም ሳቁ። ባለቤቴንም ዛፉንም በመስቀላቸው ባርከው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ግን ጥንዚዛዎቹ ጠፉ። በየቀኑ ቅጠል እገለብጣለሁ፤ የለም። ክሽክሹ አለ። እነሱ ግን ሄደዋል። ሰላም ፈተና ላይ ስለነበረች ላስቸግራት አልፈለግሁም። ፈትያ ባለፈች ቁጥር ዛፉን ቀና ብላ ታያለች፤ ፋሲካ ምን ያህል እንደ ቀረበ ያኔ ትዝ ይለኛል። ማታ ማታ ስጸልይ «ጌታ ሆይ፣ ያላየሁትን አሳየኝ» እላለሁ። የለመንኩትን አላውቅም ነበር ማለት ነው፣ ምክንያቱም ሲያሳየኝ ጫማዬን አወለቅኩ።

ለጸሎት አይደለም። ለመምታት ነው።

ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ነበር። ሰኞ ከቤተ ክርስቲያን ስግደት ስመለስ ዛፉ ሥር ደረስኩ። ቅጠሉ ላይ አስቀያሚ ትሎች አየሁ። ጥቁር ናቸው፣ እሾሃማ፣ ጎናቸው ብርቱካናማ ቀለም የነካካው፤ የአዞ ልጅ አሳንሰው የሠሩት ይመስላሉ። ሲሄዱ ይፈጥናሉ። «ክሽክሹ አልበቃ ብሎ!» አልኩ። አንዱን በጫማዬ ግንዱ ላይ ደፈጠጥኩት። ሁለተኛውንም። ብዙ ናቸው። በቃ፣ ልጄ መርዝ አትርጪ ያለችውንም ረሳሁ፣ ወደ ፈትያ ቤት ሮጬ ለበረሮ የምትረጨውን ፍሊት ጠየቅኩ። ሰጠችኝ። የሰላም አባትን ወንበር ልገፋው ስጠጋ ወንበሩ አልንቀሳቀስ አለ። በቀኝ እጁ ግንዱን ይዟል።

«ልቀቅ፣ ልረጭ ነው» አልኩት።

አለቀቀም። ፊቱ ቀላ። ከንፈሩ ይታገላል። እኔ ታመመብኝ ብዬ ፍሊቱን ወደ ላይ እንደ ያዝኩ ደነገጥኩ።

«ተዪ!» አለ።

ቆምኩ።

«ይ... ይበሉታል። ክሽክሹን። እየበሉት ነው።» ላብ ግንባሩን አጠበው። ከዚያ፣ የቀረውን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቦ፣ «ደንቆሮ!» አለኝ።

ፍሊቱ ከእጄ ወደቀ። ባለቤቴ ከታመመ ጀምሮ ሰድቦኝ አያውቅም። ከዚያ በፊት በሳምንት አንዴ ይሰድበኝ ነበር፤ ምን ያህል እንደ ናፈቀኝ አላወቅኩም ነበር። «ተመስገን!» ብዬ ጮህኩ። ፈትያ እየሮጠች ወጣች፣ ጋሽ ዩሱፍ ባዶ እግሩን ተከተላት።

«ምን ሆነ?»

«ሰደበኝ!» አልኩ እያለቀስኩ።

«ምን አላት?» አለ ጋሽ ዩሱፍ።

«ደንቆሮ አላት» አለች ፈትያ ከእኔ ሰምታ ለባሏ፣ እሷም ማልቀስ ጀመረች።

ልስመው ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። ሕማማት ነው፤ በሕማማት ሳምንት መሳሳም የለም። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ፣ ጉልበቱን ብቻ ያዝኩ። ጋሽ ዩሱፍ አየኝ። ነገሩ ገባው፤ ስንት ዓመት ጎረቤት ነው።

«እኔ ሕማማት የለብኝም» አለና የሰላም አባትን ግንባሩን ስሞ፣ ደግሞ ጉንጩን ስሞ፣ «ይህኛው የሷ ነው» አለው።

ለሰላም በቪዲዮ ደወልን። ፈትያ ስልኩን ቅጠሉ ላይ ደገነችው። ልጄ ጮኸች።

«እማ! የጥንዚዛዎቹ ልጆች ናቸው! እናቶቹ ከቅጠሉ ሥር ቢጫ ቢጫ እንቁላል ጥለው ነው የሄዱት። እነዚህ እኮ ከእናቶቻቸው የበለጠ ይበላሉ! ነካሻቸው እንዴ?»

«ሁለቱን» አልኩ ቀስ ብዬ።

«እነዚህ? ከዚያች ቆንጆ?» አለች ፈትያ። አንዱን ትል ተጠግታ አየችው። ትሉ አንድ ክሽክሽ አፉ ውስጥ ይዞ ነበር፤ እግሩ ሲወራጭ ይታያል። ቅጠሉን ገለበጠች፤ ቀጥሎ ያለውንም። ከሥራቸው ባዶ የሆኑ ለጋ ቅጠሎች ነበሩ፣ የተጨማደዱ ግን ንጹሕ። ብዙ አይደሉም። ከፍ ያለው ቅርንጫፍ እስካሁን እንደ ተያዘ ነው።

«የኔ የመጀመሪያ ልጅም ሲወለድ እንዲህ ነበር» አለች። «አማቴ አልቅሳለች። አሁን ሴቱ ሁሉ ይከተለዋል።»

ከዚያ ወደ ዛፉ ጫፍ አየች፣ ወደ ሰላም አባትም አየች።

«መጋዙ እስከ አረፋ ይቆይ» አለች። «ከዚያ እናያለን።»

አረፋ ሩቅ አይደለም። ለሚበሉ ልጆች ግን ረጅም ጊዜ ነው። አመሰገንኳት።

ማታ ተኝቼ አሰብኩ። እኔ ከዛፉ ሥር አልፌ ስሮጥ፣ ስጠርግ፣ ስጨነቅ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እንቁላሉ ሲፈለፈል፣ ትሎቹ ሲያድጉ፣ ሲበሉ ሁሉ አይቷል። ልጄም እኔም ያላየነውን። የሚነግረው ሰው አጥቶ እንጂ ወሬ ሞልቶት ነበር። ሁልጊዜ «ውሃ ልስጥህ?» እለዋለሁ። ምን አየህ ብዬ ግን ጠይቄው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ለስግደት ከመሄዴ በፊት፣ ወንበሩን አወጣሁለት። ደግፌ አስቀመጥኩት። ከቤት በርጩማ ይዤ መጣሁና ከጎኑ ተቀመጥኩ። መጥረጊያውን አላነሳሁም።

«አሳየኝ» አልኩት።

ትንሽ አየኝ፣ እውነቴን መሆኑን ሊያውቅ። ከዚያ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ አነሳ፣ ጣቱን ወደ አንድ ዝቅ ያለ ቅጠል ዘረጋ።

«እዚያ» አለኝ።